የባርቶሎ ማስካሬሎ ባሮሎ 2013 ተሰጠኝ፤ ልሽጠው፣ ላስቀምጠው ወይስ ልክፈተው?

የቱሪኗ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ወይን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ፤ እኔ ቀይና ነጭ ከመለየት ያለፈ ብዙም አላውቅም።

የምኖረው ቱሪን ነው። ሥራዬ እዚህ እንዳሉት ብዙዎቻችን ባዳንቴ፣ ማለትም አዛውንት መንከባከብ ነው። ለዓመታት ስንከባከባቸው የነበሩ አዛውንት ባለፈው ክረምት አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ልጆቻቸው ቤቱን ለመሸጥ ዕቃ ሲያወጡ ትልቋ ደወለችልኝ፤ ስሄድ ከምድር ቤት አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዛ ወጣችና "ይሄ ያንቺ ነው፣ አባቴ ለእሷ ስጡልኝ ብሎ ለይቶ ያስቀመጠው ነው" ብላ ሰጠችኝ። ሰውዬው ወይን ይወዱ ነበር። ከምሳ ጋር አንዲት ብርጭቆ፣ ከዚያ በላይ አይጠጡም።

ወረቀቱ ላይ ባሮሎ፣ ባርቶሎ ማስካሬሎ፣ 2013 ይላል። አሁን ኩሽና ውስጥ ፍሪጁ አናት ላይ ቆሟል። ባለፈው ሳምንት ፎቶውን ለሥራ ባልደረባዬ ሳሳያት ዓይኗ ፈጠጠ፤ "ይሄ እኮ ቀላል ጠርሙስ አይደለም" አለችኝ። ሰፈራችን ያለ አንድ ወይን መሸጫ ወስጄ ብጠይቅ ባለቤቱ አገላብጦ አገላብጦ አየውና "120 ዩሮ፣ እጅ በእጅ፣ አሁኑኑ" አለኝ። የቸኮለበት ነገር ደስ አላለኝም፣ ይዤው ተመለስኩ።

ሱፐርማርኬት ውስጥ ባሮሎ የሚል ጠርሙስ 20 ዩሮ አካባቢ አያለሁ። ይሄኛው በምን ተለየ? ደግሞ ወይን ከአሥር ዓመት በላይ ሲቆይ ኮምጣጤ አይሆንም ወይ? ልጄ በጁላይ ከዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች፣ ያን ቀን ብከፍተው ብዬ አስቤ ነበር። ግን የማይጠጣ ነገር ከፍቼ እንዳላፍር ፈራሁ። ሽጬው ለእሷ አንድ ነገር ብገዛላት ይሻል ይሆን? የምታውቁ በሉኝ።

ቡሽ ከፋች፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ጠርሙስ ከፍሪጁ አናት አውርጂው። ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ። ፍሪጅ ላዩም ጀርባውም ይሞቃል፣ ሞተሩም ቀኑን ሙሉ ያንቀጠቅጣል፤ ወይን አጥብቆ የሚጠላው ደግሞ ሙቀትና ንዝረት ነው፣ ብርሃንም ጨምሪበት። ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ፈልጊና በጎኑ አስተኚው። በጎኑ የሚተኛው ቡሹ ወይኑን እየነካ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ ነው። ቡሽ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ አየር ይገባል፣ ኮምጣጤ ያልሽው ነገር የሚጀምረው ያኔ ነው። ሕንፃችሁ ሥር ካንቲና (የዕቃ ማስቀመጫ ምድር ቤት) ካለሽ እዚያ አድርጊው። ከሌለሽ ከማሞቂያው የራቀ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ታች ወለሉ ላይ። ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ለጥቂት ወር ግን ከ20 ካላለፈ አትጨነቂ።

ሁለተኛ፣ ለ120 ዩሮ እንዳትሰጪው። እኔ ሚላኖ ሬስቶራንት ውስጥ ነው የምሠራው፣ ወይን ማቅረብ ሥራዬ ነው። የዚህ ቤት ባሮሎ የበርካታ መቶ ዩሮ ነገር ነው፣ ያውም ከተገኘ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰውዬ ያንን አሳምሮ ያውቃል።

አሁን በምን ተለየ ወዳልሽው ልምጣ። ይሄ ልቤን የሚነካኝ ጉዳይ ስለሆነ ካረዘምኩ ታገሺኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ባሮሎ የድርጅት ስም አይደለም። ከቱሪን ወደ ደቡብ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ሲኬድ ላንጌ የሚባሉ ኮረብታዎች አሉ፣ እዚያ ውስጥ ባሮሎ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ጠርሙስ ላይ ባሮሎ ብሎ ለመጻፍ ፍሬው ከዚያችው መንደርና ከጎረቤቶቿ፣ በጠቅላላው ከ11 ኮሙኔዎች (የመንደር አስተዳደሮች) መምጣት አለበት። ፍሬው ኔቢዮሎ የሚባለው የወይን ዘር ብቻ መሆን አለበት። ከለቀማው በኋላ ቢያንስ 38 ወር መቆየት አለበት፣ ከዚያ ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል። ሱፐርማርኬት ያየሽው ጠርሙስም ይሄን ሕግ ያሟላል። ሕግ ግን ዝቅተኛውን ነው የሚደነግገው። ከዚያ በላይ ያለውን የሚወስነው ሠሪው ነው።

የማስካሬሎ ቤተሰብ መሬት 5 ሄክታር ገደማ ነው። በእኛ አገር በድሮው ልክ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር አካባቢ ነው ካልን፣ የእነሱ የጋሻ ስምንተኛ ነው ማለት ነው። በዓመት የሚያወጡት፣ ዶልቼቶና ባርቤራ የሚባሉት ሌሎች ወይኖቻቸውም ተደምረው፣ 30,000 ጠርሙስ ገደማ ነው። ያ እንግዲህ ለዓለም ሁሉ ነው፣ ለቶኪዮም ለኒውዮርክም። ዋጋው የሚሰቀልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ግን ትንሽ መሆን ብቻውን ወይን አያሳምርም፣ ትንሽ ሆነው መጥፎ የሚሠሩ ሞልተዋል።

ቤቱን ያቋቋሙት ጁሊዮ ማስካሬሎ ናቸው፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ጊዜ አካባቢ። ልጃቸው ባርቶሎ በሁለተኛው ጦርነት ፓርቲዛን ሆነው ፋሺስቶችን የተዋጉ ሰው ናቸው። ፋሺስት ምን እንዳደረገን ለምናውቅ ለእኛ ይሄ ተራ ወሬ አይደለም፣ እኔ ጠርሙሱን ለእንግዳ ሳቀርብ ሁሌ ትዝ ይለኛል። ባርቶሎ በ2005 አረፉ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የያዘችው ልጃቸው ማሪያ ቴሬዛ ናት። ስለዚህ ያንቺ 2013 የእሷ እጅ ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። በዚያ አገር ኮረብታ ሁሉ ስምና ማዕረግ አለው። ካኑቢ የሚባለው ደግሞ ባሮሎ መንደር ውስጥ ካሉት ሁሉ ዝነኛው ነው። ሌሎች ወይን ሠሪዎች የአንዱን ኮረብታ ፍሬ ለብቻው ጠምቀው፣ የኮረብታውን ስም በትልቁ ጽፈው፣ በውድ መሸጥ ሲጀምሩ ባርቶሎ እምቢ አሉ። ካኑቢ ላይ መሬት እያላቸው! የካኑቢን፣ የሳን ሎሬንዞን፣ የሩዌን እና ላ ሞራ የምትባለው ጎረቤት መንደር ያለውን የሮኬን ፍሬ ቀላቅለው አንድ ባሮሎ ብቻ ሠሩ፣ ልጃቸውም ያንኑ ይዛ ቀጠለች። እንደ በርበሬ ቅመም አስቢው። ኮረሪማው ለብቻው፣ ጥቁር አዝሙዱ ለብቻው ጥሩ ነው፤ ሙያ የሚባለው ግን ሲደባለቅ ማንም ማንንም ሳይውጥ ሲቀር ነው።

አሠራሩም የድሮው ነው። ፍሬው በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ከነልጣጩ ለሳምንታት ይብላላል፣ አንዳንዱ ዓመት ከወር በላይ። ከዚያ ሰው ከሚያህሉ ትልልቅ አሮጌ የእንጨት በርሜሎች ውስጥ ገብቶ ሁለት ሦስት ዓመት ይተኛል። በርሜሉ ትልቅና አሮጌ ስለሆነ የእንጨት ጣዕም አይሰጠውም፣ ቀስ ብሎ ያስተነፍሰዋል እንጂ።

በ1980ዎቹና በ90ዎቹ እኮ በዚህ ጉዳይ መንደሩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ወጣቶቹ ባሪክ የሚባለውን ትንሽ አዲስ የፈረንሳይ በርሜል አመጡ። ወይኑ ቶሎ ይለሰልሳል፣ ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል፣ አሜሪካኖች ወደዱት። ኤሊዮ አልታሬ የሚባለው የላ ሞራ ሰው በ1983 የአባቱን ትልልቅ በርሜሎች በመጋዝ ቆራርጦ ጣላቸው፣ አባትየው ደግሞ ልጃቸውን ከውርስ ነቀሉት። እስከዚህ ድረስ ነበር ነገሩ። ባርቶሎ ያን ጊዜ አርጅተው ዊልቸር ላይ ናቸው፤ ቁጭ ብለው የጠርሙስ ወረቀት በእጃቸው እየሳሉ አንዱ ላይ "ባሪክ አይግባ፣ ቤርሉስኮኒ አይግባ" ብለው ጻፉበት፤ ቤርሉስኮኒ የጣሊያኑ ፖለቲከኛ ነው። ያ ወረቀት የተለጠፈበትን ጠርሙስ ዛሬ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል።

ብዙ ሰው ያን ጊዜ ጊዜ ያለፈባቸው ሽማግሌ ብሏቸዋል። አሁን ተመልሶ ሁሉም የእሳቸውን ዓይነት ወይን ይፈልጋል፣ ባሪክ ካስገቡትም ብዙዎቹ ወደ ትልቁ በርሜል ተመልሰዋል። ያንቺ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ይሄ ነው። ለሽያጭ ብሎ አለመለወጥ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ቡሽ ከፋች ጥሩ አስረድተሃል፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ግን ሌላውን ወገን ልናገር፣ እህታችን የጠየቀችው ልሽጥ ወይስ ልጠጣ ብላ ስለሆነ።

የእኔ እህት፣ የሰው ቤት ሠርተሽ ልጅ ለምርቃት ያደረስሽ ሰው ነሽ፣ ብራቮ። አንድ ጠርሙስ መጠጥ በአንድ ምሽት ያልቃል። ገንዘቡ ግን ለልጅሽ የመጀመሪያ ወር ኪራይ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምትለብሰው ልብስና ጫማ። ስጦታ ሰጪውም ቢሆኑ እንዲጠቅምሽ ነው የሰጡሽ። በዚህ ማንም ሊወቅስሽ አይገባም።

ከሸጥሽ ግን በወጉ ሽጪ። ለመጀመሪያው ሱቅ አትስጪ። ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቂ፣ የወይን ጨረታ የሚያካሂዱ ቤቶች ጣሊያን ውስጥ አሉ፣ ፎቶ ብትልኪላቸው ግምት ይሰጡሻል። ፎቶው ላይ ወረቀቱ ከፊትም ከኋላም በደንብ ይታይ። የቡሹ ክዳን ይታይ። አንገቱ ላይ ቁጥር ያለባት ቀጭን የመንግሥት ወረቀት አለች፣ እሷም ትታይ። ወይኑ አንገቱ ላይ የት ድረስ እንደደረሰ ለማየት ጠርሙሱን አቁመሽ ብርሃን ከኋላው አድርጊና አንሺው። ገዢ የሚጠይቅሽ ደግሞ አንድ ነገር ነው፣ የት ነበር የተቀመጠው? ቱሪን የአንድ ሰው ምድር ቤት ውስጥ ተኝቶ የኖረ፣ ከአገሩ ሳይወጣ፣ ብለሽ መናገር ትልቅ ነገር ነው። የሰውዬው ልጅ ይሄን በሁለት መስመር ጽፋ ብትፈርምልሽ ደግሞ በጣም ጥሩ። ዋጋውን የሚያወጣው ታሪኩ የተረጋገጠ ጠርሙስ ነው፤ በውድ ወይን ላይ ማጭበርበር ስላለ ሰው ይጠነቀቃል።

እኔ ወዳለሁበት ወደ አሜሪካ በሰው እጅ ለዘመድ ልትልኪው ካሰብሽም፣ እዚህ አንድ አዋቂ እስከ አንድ ሊትር አልኮል ያለቀረጥ ያስገባል፣ ጠርሙሱ ደግሞ 75 ሳንቲሊትር ነው። በእጅ ሻንጣ አያሳልፉሽም፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በልብስ ተጠቅልሎ ነው። ግን ያንን ያህል አንገላትቶ ማምጣቱን እኔ አልመክርም።

ላንጌ ለቃሚ፦

እኔ ወይን ጠጪ ሳልሆን ወይን ለቃሚ ነኝ። በየመከሩ ወደዚያ አገር እሄዳለሁ፣ አሁን ባሮሎና ሞንፎርቴ አካባቢ ያሉትን ኮረብታዎች በእግሬ አውቃቸዋለሁ። ጥቂት ነገር ልጨምር።

ኔቢዮሎ አስቸጋሪ ፍሬ ነው። በጸደይ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ስለዚህ ውርጭ ያገኘዋል። በመከር ደግሞ ከሁሉ ኋላ ነው የሚበስለው። ሌላው ፍሬ ተለቅሞ አልቆ ኔቢዮሎው ገና ቆሞ ይጠብቃል፣ ዋናው ለቀማ ኦክቶበር ውስጥ ይገባል። ጠዋት ስንወጣ ሸለቆው በጉም ተሸፍኖ የኮረብታዎቹ አናት ብቻ ይታያል። መሬቱ ዳገት ነው፣ ነጭ ጭቃ ነው፣ ሲዘንብ ጫማሽ ላይ ተለጥፎ እግርሽ ይከብድሻል። ሁሉም በእጅ ነው። ዘለላውን በግራ እጅ ከሥር ይዘሽ፣ ቆርጠሽ፣ ገልበጥ አድርገሽ ታዪዋለሽ። የበሰበሰች ወይ የደረቀች ፍሬ ካለች በመቀሱ ጫፍ አውጥተሽ ነው ወደ ሳጥን የምታስገቢው። ትልልቆቹ ጋ ፍጠኑ ፍጠኑ ይሉሻል። ትንንሾቹ ቤተሰቦች ጋ ባለቤቷ ራሷ ከአጠገብሽ ትለቅማለች፣ ያየሽውን ዘለላ እሷም ታየዋለች። ወይኑ የሚለየው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ምድር ቤት ከመድረሱ በፊት።

የምንለቅመው አብዛኞቻችን የውጭ ሰዎች ነን። የመቄዶንያ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ከአፍሪካም አለን። ስለ ባሮሎ ሲጻፍ ስማችን ብዙ አይነሳም፣ እኔ ግን ይነሳ እላለሁ። ያ ውድ ጠርሙስ በእኛም እጅ ነው ያለፈው።

ስለ ቅልቅሉ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ቡሽ ከፋች እንዳልከው ለጣዕም ነው፣ ልክ ነህ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ግን ሌላም ምክንያት ይነግሩሃል። በበጋ በረዶ ይጥላል፣ አንዱን ኮረብታ በአሥር ደቂቃ አውድሞ ጎረቤቱን ሳይነካው ያልፋል። አራት ቦታ ትንሽ ትንሽ ያለው ሰው ዓመቱን ሙሉ አያጣም። የድሮ ገበሬ ጥበብ ነው፣ የእኛም ገበሬ ማሳውን እዚህም እዚያም የሚያደርገው በዚሁ ምክንያት ነው።

2013 ጥሩ ዓመት ነው። ቀዝቀዝ ያለ ነበር፣ ፍሬው ዘግይቶ ነው የበሰለው። እንደዚያ ዓይነት ዓመት ወይኑ ሲጀምር ጠንካራ ነው፣ ዕድሜ ይወዳል። ስለዚህ ኮምጣጤ የሚለውን ፍርሃት ተዪው። በደንብ ከተቀመጠ ገና ብዙ ዓመት ይሄዳል።

ቦሎኛ ነዋሪ፦

ወንድሜ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በክፋት እንዳልተናገርክ አውቃለሁ፣ ግን አልስማማም። ሽማግሌው ገንዘብ ሊሰጧት ቢፈልጉ ገንዘብ ይሰጧት ነበር። ካሏቸው ጠርሙሶች መሃል አንዱን ለይተው ለእሷ ያሉት፣ ካለኝ ሁሉ የምወደውን ቅመሺልኝ ለማለት ነው። እኔም አዛውንት እከባከባለሁ፣ እንዴት እንደሆኑ አውቃለሁ። በቃል የማይሉትን እንዲህ ባለ ነገር ነው የሚሉት። እህቴ፣ ልጅሽ ስትመረቅ ክፈቺው። የሰውዬውንም ልጅ ጥሪያት፣ አንድ ብርጭቆ ትጠጣ፣ አባቷን ታስታውስ። ገንዘብ ይመጣል፣ ይሄ ጠርሙስ ግን ሁለተኛ አይመጣም።

አንድ ነገር ብቻ፣ ቀኑን አረጋግጪ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፣ በፈረንጅ ጁላይ 12። ምርቃቱ ከዚያ በፊት ከዋለና ጿሚ ከሆናችሁ፣ ግብዣውን ጾሙ ከተፈታ በኋላ አድርጊው። ይሄ ወይን ከጾም ምግብ ጋር አይሄድም፣ ሥጋ ይፈልጋል።

የቱሪኗ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። ላንጌ ለቃሚ፣ ያልከውን ለልጄ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ዝም ብላ ስትሰማ ቆየች።

ወስኛለሁ፣ አልሸጠውም። ሲልቨር ስፕሪንግ አታዝንብኝ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፣ ለእኔ ያለህ ሐሳብም ገብቶኛል። ቦሎኛ፣ ያልሽውን ሳነብ ግን አስለቀሰኝ። ለሲኞራዋ፣ ለሰውዬው ልጅ፣ ደወልኩላት፣ እመጣለሁ ብላለች። ምርቃቱ ከጾሙ ፍቺ በኋላ ነው፣ እሱ ተመስገን።

ጠርሙሱ አሁን ካንቲና ውስጥ በጎኑ ተኝቷል። ፍሪጁ አናት ላይ ጥቂት ወር ቆይቶ ነበርና ተበላሽቶ እንደሆነ ሳልከፍት የማውቅበት መንገድ አለ? ደግሞ የማቀርበው ምግብ ዶሮ ወጥ ነው፣ ምርቃት ያለ ዶሮ አይሆንልኝም። ይሄዳል?

ቡሽ ከፋች፦

ጎበዝ።

ሳይከፈት ማየት የምትችይው ይሄን ነው። ቡሹ ከአፉ በላይ ተገፍቶ ወጥቷል? ክዳኑ ሥር የደረቀ ወይን ወይም የሚጣበቅ ነገር አለ? ወይኑ ከአንገቱ ወርዶ ትከሻው ጋ ደርሷል? ሦስቱም ከሌሉ ብዙ አትስጊ። ጥቂት ወር በክረምት ቤት ውስጥ አይገድለውም። የሚገድለው የኦገስት ሙቀት ነው።

ስለ ዶሮ ወጥ ግን በግልጽ ልናገር። ዶሮ ወጥ የምግብ ንጉሥ ነው፣ ግን ከዚህ ወይን ጋር ይጣላሉ። ኔቢዮሎ ታኒኑ ኃይለኛ ነው፣ አፍ ጭምድድ የሚያደርገው እሱ ነው። አልኮሉም 14 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በርበሬ ሲጨመርበት ሁለቱም ይብስባቸዋል፣ አፍሽ ይቃጠላል፣ ወይኑም መራራ ይሆናል። ዶሮውን ለዋናው ገበታ አቅርቢ፣ ከእሱ ጋር ቢራ ወይም ጠጅ ይጠጣ። ባሮሎውን ከዚያ በፊት፣ አፍ ሳይቃጠል፣ ከአልጫ ጥብስ ወይም ከቀይ ሥጋ ቅቅል ጋር አቅርቢው። እንደ አክሱማይት ጣፋጭ እንዳይመስላቸው ደግሞ ለእንግዶችሽ ቀድመሽ ንገሪ። መልኩም ሳስቶ፣ ጠርዙ ወደ ሸክላ ቀለም ሄዶ ታዪዋለሽ። አትደንግጪ፣ ኔቢዮሎ እንደዚያ ነው። መልኩ ስስ፣ ጉልበቱ ትልቅ። ሽታው የደረቀ ጽጌረዳና ሬንጅ ነው ይላሉ፣ ስታሸቺው ይገባሻል።

ላንጌ ለቃሚ፦

ኧረ ክትፎ! እንዴት ክትፎ ረሳችሁ?

የዚያ አገር ሰዎች ጥሬ ሥጋ ይበላሉ እኮ። አልባ ከተማና ዙሪያዋ ካርኔ ክሩዳ የሚሉት አለ። ፋሶና የሚባል የአካባቢው ከብት ቀይ ሥጋ በቢላ ይከተከታል፣ ዘይትና ጨው ጣል ይደረግበታል፣ አንዳንዱ ሎሚ ይጨምራል፣ በመከር ጊዜ ደግሞ ነጭ ትሩፍል ይፈቀፈቅበታል። ከእሱ ጋር የሚጠጡት ኔቢዮሎ ነው። መጀመሪያ ያቀረቡልኝ ቀን ቤቴ የገባሁ መስሎኝ ነበር። ጥሬ ቀይ ሥጋና ስቡ የዚያን ወይን ድርቀት ያለዝበዋል።

ስለዚህ ለብ ለብ ክትፎ፣ ቅቤው ለጋ ሆኖ ቅመሙ የቀለለ፣ ሚጥሚጣውን ለብቻው በትንሽ ሳህን። የፈለገ ይጨምር፣ ባሮሎ የያዘ ግን ይተወው። አይብ በጎመንም ከጎኑ ይሂድ። ቱሪን ሥጋ ቤት ሄደሽ ፋሶና ለጥሬ የሚሆን ብትይ ወዲያው ይገባቸዋል፣ እንደ እኛ ሥጋ ቤት ማስረዳት አያስፈልግሽም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ምን አዝናለሁ የእኔ እህት፣ በደስታ ይሁንልሽ። ለልጅሽም እንኳን ደስ ያላት በይልኝ። ላንጌ ለቃሚ ያልከው ክትፎ ደግሞ እዚህ ድረስ ሸተተኝ።

የቱሪኗ፦

ክትፎ ተወሰነ! የመጨረሻ ጥያቄ። ስንት ሰዓት ላይ ልክፈተው? እኛ ስድስት ሰው ነን፣ ይበቃናል? ከተረፈስ?

ቡሽ ከፋች፦

ከግብዣው አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ጠርሙሱን ቀጥ አድርገሽ አቁሚው። ከዚህ ዕድሜ ወይን ሥር አተላ ይኖራል፣ ጤነኛ ነገር ነው ግን አፍ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይውረድ።

እራት ማታ 2 ሰዓት ከሆነ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ክፈቺው። ቡሹን ቀስ ብለሽ፣ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ፣ አትወዝውዢው። ትንሽ ብርጭቆ ላይ ቅመሺ። ርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተሽ ቡሹ በክሎታል ማለት ነው፣ ያ ዕድል ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ደህና ከሆነ አፈ ሰፊ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ሳታቋርጪ በቀስታ አንቆርቁሪው፣ አተላው ወደ አንገቱ ሲመጣ ስታዪ አቁሚ። ከሥሩ ሁለት ጣት ይቅር፣ አትሳሺለት። ያንን የተረፈውን ወጥ ውስጥ ጨምሪው።

ጁላይ ቱሪን ቤት ውስጥ 28 ዲግሪ ነው፣ ወይኑ ደግሞ 17 አካባቢ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ከመቅረቡ በፊት ማሰሮውን ቀዝቀዝ እስኪል ድረስ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው፣ በዚህ ጊዜ ፍሪጁ ይጠቅምሻል። ትልቅ ሆድ ያለው ብርጭቆ ካላችሁ በእሱ፣ ከሲሶ በታች ቅጂ።

አንድ ጠርሙስ ለስድስት ሰው ለእያንዳንዱ 12 ሳንቲሊትር ገደማ ነው። አንዳንድ ብርጭቆ፣ ሰውዬው እንደሚጠጡት። አይተርፍም። ከተረፈ ግን ወደ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጠሽ አፉን ግጥም አድርገሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፣ በማግስቱ ቅመሺው። ኔቢዮሎ አንዳንዴ በሁለተኛው ቀን ነው የሚከፈተው።